የሰንጢ መቆለፊያ ማንን ይጠብቃል?

አዲስ ሰንጢ በእጁ የገባለት ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ምንድን ነው ቢባል መልሱ የታወቀ ነው፤ ይከፍተዋል። ከዚያም ይዘጋዋል፤ እንደ ገናም ይከፍተዋል። አጠገቡ ያለው ጓደኛው ደግሞ «እስቲ ስጠኝ ልሞክረው» ይለዋል። ሻጩም ይህን ጠባያችንን ስለሚያውቅ ስለቱን በአውራ ጣቱ ቀጭ አድርጎ ካሳየን በኋላ ነው ዋጋውን የሚጠራው። አከፋፈቱን ሁላችንም እናደንቃለን፤ አቈላለፉን የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። አባቶቻችን እንዲህ ያለውን አመለካከት «በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» ብለው ጨርሰውታል።

በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው ነገር ባጭሩ የሚከተለው ነው። በአንድ ሰንጢ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉ። አንደኛው ስለቱን ከእጀታው የሚያወጣው ነው። ሁለተኛው የወጣውን ስለት ይዞ የሚያቆመው ነው። ይህ ሁለተኛው፣ ማለትም መቆለፊያው፣ የተሠራው ሌላውን ሰው ለመጉዳት ሳይሆን የባለቤቱን ጣቶች ለመጠበቅ ነው። ይሁን እንጂ ገዢውም፣ ፊልም ተመልካቹም፣ ከሁሉም ይልቅ ሕግ አውጪው፣ ሁለቱን ነገሮች ሲያምታታቸው ኖሯል። በዚህ መምታታት የተነሣ በሥራቸው ላይ የነበሩ ሰዎች እስከ መታሰር ደርሰዋል። እንግዲህ ነገሩ የኪስ ዕቃ ወሬ ብቻ አይደለም።

«የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ከብሎንና ከሞላ ጋር ምን አገናኘው? ይህንስ ለምሕንድስና ተማሪዎች ብትተወው ምን ነበረበት?» የሚል ወዳጅ እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። መልሴን ወደ በኋላ ላቈየውና በመጀመሪያ ዕቃውን ራሱን እንመርምረው። ከዚህ በታች የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ለመሆኑ ሰንጢ የባለቤቱን ጣት የሚቈርጠው ለምንድን ነው? የወጥ ቤት ቢላዋ ብረቱ እስከ እጀታው ድረስ አንድ ወጥ ስለ ሆነ ወደ ኋላ የሚታጠፍበት መንገድ የለውም። ሰንጢ ግን ከመካከሉ ተቈርጦ በአንድ ብሎን የተያያዘ ቢላዋ ነው ማለት ይቻላል። ሸንኮራ ስንልጥ ወይም ገመድ ስንቈርጥ ኀይሉ ስለቱን ወደ መክፈቻው አቅጣጫ ይገፋዋል፤ ስለቱም በእጀታው ውስጥ ያለውን ማገጃ ተደግፎ ይቆማል። በዚህ ጊዜ መቆለፊያ ባይኖረው እንኳ ጉዳት የለም። አደጋው የሚመጣው ጫፉን እንጨት ውስጥ ወግተን ስንጠመዝዝ፣ ወይም ስለቱ በወፍራም ነገር ውስጥ ተቀርቅሮብን ለመንቀል ስንታገል ነው። ያን ጊዜ ኀይሉ በደንደሱ በኩል ይመጣና ስለቱን ወደ እጀታው ይመልሰዋል። እጀታውን የጨበጡት አራቱ ጣቶች ያሉት ደግሞ ስለቱ በሚገባበት ጐድጓዳ አፍ ላይ ነው።

ኀይሉ ምን ያህል እንደሚበረታ በቍጥር እናስላው። ስለቱ 8 ሳንቲ ሜትር ይርዘም፤ መቆለፊያው የስለቱን ሥር የሚይዘው ደግሞ ከብሎኑ በግማሽ ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ነው እንበል። በስለቱ ጫፍ ላይ ያረፈ የ5 ኪሎ ግፊት በመቆለፊያው ላይ 80 ኪሎ ሆኖ ይደርሳል ማለት ነው። ይህ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርነው የመፈንቅል ሕግ ነው እንጂ ሌላ ምስጢር የለውም። አንድ ጥቅል ሙዝ የምታህል ክብደት የአንድ ሙሉ ሰው ክብደት ሆና የምታርፈው ከጥፍር በማትበልጥ ብረት ላይ መሆኑን ያወቀ ሰው፣ ከእንግዲህ ሰንጢ ሲገዛ ስለቱን ብቻ አይቶ የሚመለስ አይመስለኝም።

ለዚህ ችግር የተሰጡት መልሶች ልዩ ልዩ ናቸው። የቈየውና ዛሬም በብዙ ኪስ ውስጥ የሚገኘው መቆለፊያ የሌለው፣ ሞላ ብቻ ያለው ሰንጢ ነው። በእጀታው ጀርባ ውስጥ አንድ ረዥም የብረት ሞላ ተጋድሞ የስለቱን ሥር ይጫነዋል። የስለቱ ሥር ጠፍጣፋ ጎኖች እንዲኖሩት ሆኖ ተሞርዷል። ሞላው በጠፍጣፋው ጎን ላይ ሲያርፍ ስለቱ ይረጋል፤ ማዕዘኑን ሲያልፍ ይታገላል፤ ካለፈ በኋላ ቀጭ ብሎ ይቀመጣል። ካርል ኤልስነር የተባለው የስዊስ ሰው በ1884 ኢባክ በምትባል መንደር ሥራ ቤቱን ከፍቶ በ1891 ለአገሩ ጦር ሠራዊት ሰንጢ ማቅረብ የጀመረው፣ በ1897ም የመኰንኖች ሰንጢ የተባለውን ያስመዘገበው በዚሁ ዓይነት ሞላ ነው። የኤልስነር ብልኀት አንዱ ሞላ በእጀታው ፊትና ጀርባ ያሉትን መሣሪያዎች እንዲጫን አድርጎ፣ ሁለት ሞላዎች ብቻ ስድስት መሣሪያዎችን እንዲያገለግሉ ማድረጉ ነበር። ሆኖም ሞላ ስለቱን ያባብለዋል እንጂ አይከለክለውም። ግፊቱ ከሞላው ሲበረታ ስለቱ ይታጠፋል።

ሁለተኛው መልስ ከፈረንሣይ አገር ከሳቯይ ተራሮች የመጣ ነው። ዦዜፍ ኦፒኔል በ1890 የሠራው የገበሬ ሰንጢ ከአንድ የእንጨት እጀታ፣ ከአንድ ስለትና ከአንድ ብሎን በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር አልነበረውም። ስድሳ አምስት ዓመት ያህል ያለ መቆለፊያ ሲሠራበት ከኖረ በኋላ በ1955 ማርሴል ኦፒኔል በአንገቱ ላይ የምትዞር የብረት ቀለበት ጨመረበት። ቀለበቷ በአንድ በኩል የተከፈተች ናት። ክፍተቷ ከስለቱ መንገድ ጋር ሲገጥም ስለቱ ይታጠፋል፤ ቀለበቷ ዘወር ስትል ግን መንገዱ ይዘጋል። ከ2000 ወዲህ የተሠሩት ደግሞ ስለቱን በተዘጋበትም ቦታ ይቈልፉታል። የዚህ መቆለፊያ ጕድለቱ አንድ ነው፤ ባለቤቱ ማዞሩን ከረሳ መቆለፊያ የለም ማለት ነው።

ሦስተኛው የጀርባ መቆለፊያ ነው። በዓለም ላይ የታወቀውም በ1964 የአሜሪካው የበክ ኩባንያ ባወጣው 110 በተባለው የአዳኞች ሰንጢ አማካይነት ነው። እዚህ ላይ በእጀታው ጀርባ የተጋደመው ብረት ሞላ ብቻ መሆኑ ቀርቶ እንደ ሕፃናት ሚዛን ጨዋታ በመካከሉ በብሎን የሚወዛወዝ ሆኗል። የፊት ጫፉ ጥርስ አለው፤ የስለቱ ሥር ደግሞ ያንን ጥርስ የሚቀበል ቁርጥ አለው። ስለቱ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ጥርሱ ከቍርጡ ውስጥ ይወድቃል። ከዚያ በኋላ በደንደሱ በኩል የሚመጣው ኀይል የሚታገለው ከሞላው ጋር ሳይሆን ከጥርሱ ብረት ጋር ነው። ለመዝጋት የሚፈልግ ሰው የብረቱን የኋላ ጫፍ ተጭኖ ጥርሱን ማንሣት አለበት። ጠላቱ ቈሻሻ ነው። በቍርጡ ውስጥ የገባ አፈር ወይም የደረቀ የብርቱካን ጭማቂ ጥርሱን ከመውደቅ ሊያግደው ይችላል፤ እንዲህ ሲሆን የተቈለፈ የሚመስል፣ ግን ያልተቈለፈ ሰንጢ በእጃችን ይዘናል።

አራተኛው የገበር መቆለፊያ ነው። ኮት ገበር እንዳለው ሁሉ የሰንጢም እጀታ ከውስጥ በኩል የብረት ገበር አለው። ይህ ገበር ተሰንጥቆ አንዱ ክፍል ወደ ውስጥ እንዲያዘነብል ይደረጋል። ስለቱ ተዘግቶ ሳለ በጎኑ ተጨቍኖ ይቈያል፤ ስለቱ ሲከፈት ግን ወደ መካከል ተፈናጥሮ ከሥሩ ኋላ ይደገፋል፤ በር ከውስጥ በግንድ እንደሚደገፍ ማለት ነው። አሳቡ በአሜሪካ በ1906 ፓተንት የተሰጠው ቢሆንም፣ የጀርባውን ሞላ አስወግዶ ገበሩ ብቻውን ሁለቱን ሥራ እንዲሠራ ያደረገው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ማይክል ዎከር የተባለ አሜሪካዊ ሰንጢ ሠሪ ነው። እርሱም በገበሩ ላይ አንዲት ትንሽ የብረት ኳስ ተከለ፤ ስለቱ ሲዘጋ ኳሷ በስለቱ ጎን ላይ ካለች ጕድጓድ ትገባና ስለቱ በኪስ ውስጥ ራሱን እንዳይከፍት ትይዘዋለች። ይህችን ኳስ አንባቢ እንዲያስታውሳት እለምናለሁ፤ ወደ ሕግ ስንደርስ ታስፈልገናለች።

የስለቱ ሥር በጥቂቱ ሰያፍ ሆኖ ስለሚሞረድ ገበሩ እንደ ሽብልቅ ሆኖ ያርፍበታል። ብረቱ በጊዜ ብዛት ሲበላ ገበሩ ጥቂት ወደ ፊት ይራመዳል እንጂ ስለቱ አይወላልቅም። ሰያፉ ከበዛ ግን ሽብልቁ ይሾልካል፤ ካነሰ ደግሞ ይነክስና ለመዝጋት ያስቸግራል። በርካሽ የሚሸጡት አስመሳይ ሰንጢዎች ከውጭ ሲታዩ ከውዶቹ የማይለዩት፣ ሥራ ላይ ሲውሉ ግን የሚከዱት በዚህች በዓይን በማትለይ ሰያፍ ምክንያት ነው። በ1990 አካባቢ ክሪስ ሪቭ የተባለው ከደቡብ አፍሪካ ወደ አሜሪካ የሄደ ባለ ሙያ ቀጭኑን ገበር ትቶ የእጀታውን ወፍራም ብረት ራሱን ሰንጥቆ መቆለፊያ አደረገው። ስሙንም «ሰቤንዛ» አለው፤ በዙሉ ቋንቋ «ሥራ» ማለት ነው። የዚህ ጥቅሙ ጨባጩ እጅ በጠነከረ መጠን መቆለፊያውን ወደ ቦታው የሚገፋው መሆኑ ነው።

አምስተኛውና በቅርብ ጊዜ የመጣው የመወርወሪያ መቆለፊያ ነው። በ1998 የአሜሪካው ቤንችሜድ ኩባንያ ያወጣው ይህ ዓይነት በእጀታው አግድም የምትሄድ አንዲት ትንሽ የብረት ዘንግ አለችው። ሁለት ቀጫጭን ሞላዎች ዘንጓን ወደ ፊት ይገፏታል፤ ስለቱ ሲከፈት በስለቱ ሥር ላይ ትሸጐጣለች፤ በገጠር ቤት የበር መወርወሪያ እንደሚሸጐጠው ያለ ነው። ትልቁ ጥቅሟ ሲዘጋ ጣት በስለቱ መንገድ ላይ አለመግባቱ ነው። በገበር መቆለፊያ ግን ገበሩን ለመግፋት አውራ ጣትን ከስለቱ መንገድ ማስገባት ግድ ነው።

ስለ አቈላለፍ ይህን ያህል ካልን ወደ አከፋፈት እንለፍ። የጥንቱ ሰንጢ በስለቱ ጎን ላይ ለጥፍር የሚሆን ጭረት ነበረው፤ ለመክፈት ሁለት እጅ ይጠይቃል። አንድ እጁ ገመድ የያዘ መርከበኛ ወይም ከመሰላል ላይ የቆመ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሁለተኛ እጅ ከየት ያመጣል? ስለዚህ ነው በ1981 ስፓይደርኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ወርከር»፣ ማለት ሠራተኛው፣ ባለው ሰንጢ ስለት ላይ ለአውራ ጣት የሚሆን ክብ ቀዳዳ ያወጣው። ሌሎች በቀዳዳው ፈንታ ጕጥ ተከሉ፤ ሌሎችም ስለቱ ሲዘጋ በእጀታው ጀርባ ብቅ የምትል ጅራት አበጁለትና በጠቋሚ ጣት እንድትገፋ አደረጉ። ጅራቷ ስትገፋ ያች የጠቀስኳት ኳስ መጀመሪያ ትከለክላለች፤ ግፊቱ ሲያሸንፋት ግን የተጠራቀመው ኀይል ስለቱን በአንድ ጊዜ ይወረውረዋል። ብሎኑ በሮንዴላ ፈንታ በኩሽኔታ ላይ ሲዞር ደግሞ ፍትጊያው ስለሚቀንስ ውርወራው ይፈጥናል። ልብ እንበል፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚሠራው የሰውየው ጣት ነው እንጂ የተጠመደ ሞላ የለም።

አዝራር ሲጫኑት የሚፈናጠረው ሰንጢ ከዚህ የተለየ ነው። በእርሱ ውስጥ ሞላው ምንጊዜም ስለቱን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ የሚከለክለው አንድ መያዣ ብቻ ነው፤ አዝራሩ መያዣውን ሲያነሣው ስለቱ ይወጣል። እንግዲህ በዕቃው ተፈጥሮ ውስጥ እውነተኛው ልዩነት ይህ ነው፤ ስለቱ ዝንባሌው ወደ መዘጋት ነው ወይስ ወደ መከፈት? ፍጥነቱ አይደለም፤ የሚያሰማው ድምፅም አይደለም።

እስቲ አሁን ሕግ ይህን ነገር እንዴት እንዳየው እንመልከት። በ1950ዎቹ በአሜሪካ የወጣቶች ወንበዴነት ትልቅ መነጋገሪያ ነበር፤ አዝራር ያለው ሰንጢም የዚያ ፍርሃት ምልክት ሆነ። በ1955 በወጣው «ሬብል ዊዝአውት ኤ ኮዝ» በተባለው ፊልም ሁለት ወጣቶች በዚሁ ሰንጢ ሲፋለሙ ይታያል። በኦገስት 12 ቀን 1958 የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ይህን ሰንጢ ከክፍለ አገር ወደ ክፍለ አገር መነገድን ከለከለ። በ1959 እንግሊዝ ተከተለች። የሚያስደንቀው በአሜሪካው ሕግ ውስጥ የተጻፈው አንድ ልዩ ፈቃድ ነው፤ አንድ እጅ ብቻ ያለው ሰው ስለቱ ከ3 ኢንች ያልበለጠውን ይህን ሰንጢ ሊይዝ ይችላል ይላል። ስለዚህ ሕግ አውጪዎቹ ራሳቸው የአከፋፈቱ ዘዴ የእጅ አገልጋይ እንደ ሆነ ዐውቀው ነበር ማለት ነው። ዐውቀው ሳሉ ግን ሁለት እጅ ያለውን ሠራተኛ፣ አንዱ እጁ በሥራ የተያዘበትን ሰው፣ አላሰቡትም።

ከዚህ የባሰው በኒው ዮርክ የሆነው ነው። በ1950ዎቹ በዚያ የወጣው ሕግ ስለቱ በክብደቱ ወይም በውርወራ ኀይል የሚወጣውንና ከወጣም በኋላ የሚቈለፈውን ሰንጢ መያዝ ወንጀል አደረገ። ሕጉ ያሰበው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ፓራሹት ወታደሮች ይይዙት የነበረውን፣ ወደ ታች ሲዘቀዝቁት ስለቱ የሚወርደውን ዓይነት ነበር። ዳሩ ግን ፖሊሶች ሕጉን በሥራ ሲተረጕሙት ተራውን ሰንጢ እጀታውን ይዘው በኀይል ያወናጭፉትና ስለቱ ከወጣ ባለቤቱን ይይዙት ጀመር። በዚህም አናጢዎች፣ የወጥ ቤት ሠራተኞች፣ የቴአትር መድረክ ሠራተኞች በብዙ ሺህ ተያዙ። እንግዲህ ከላይ ያስታወስናትን ኳስ እናስባት። ኳሷ በጊዜ ብዛት ስትበላ፣ ብሎኑም ሲላላ፣ ትናንት ሕጋዊ የነበረው ሰንጢ ዛሬ ወንጀል ይሆናል። የፖሊሱ ክንድ ከባለቤቱ ክንድ ከበረታም እንዲሁ። አንድ ሰው በገዛ ኪሱ ውስጥ ያለው ዕቃ ወንጀል መሆን አለመሆኑን የሚያውቀው ከተያዘ በኋላ ከሆነ ያንን ሕግ ብሎ መጥራት ያስቸግራል። በ2019 አንድ የፌዴራል ዳኛ ሕጉ ግልጽነት እንደ ጐደለው ፈረዱ፤ በሜይ 30 ቀን በዚያው ዓመትም ሕጉ ተሻረ። ከዚያ በፊት ግን ስድሳ ዓመት ያህል አልፎ ነበር።

ነገሩን በትክክል ያየ ሕግም አለ። በ2009 የአሜሪካ ምክር ቤት የ1958ቱን ሕግ ሲያሻሽል፣ ስለቱ ወደ መዘጋት እንዲያዘነብል የሚያደርግ ሞላ ወይም መያዣ ያለው፣ በእጅ ተገፍቶ የሚከፈት ሰንጢ ከክልከላው ውጭ እንዲሆን ደነገገ። ይህን የጻፈ ሰው ሰንጢውን ፈትቶ አይቶታል ብዬ አምናለሁ።

እንግሊዝ ግን ወደ ሌላ መንገድ ሄደች። በ1988 የወጣው ሕግ ስለቱ ከ3 ኢንች ያልበለጠ የሚታጠፍ የኪስ ሰንጢ ያለ ምክንያት መያዝን ፈቀደ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግን ፍርድ ቤት በሰጠው ትርጓሜ፣ መቆለፊያ ያለው ሰንጢ ምንጊዜም ወዲያው የሚታጠፍ ስላልሆነ ከዚህ ፈቃድ ውጭ ነው ተባለ። እንግዲህ በዚያ አገር በቂ ምክንያት ሳያቀርብ ሰንጢ ሊይዝ የሚፈልግ ሰው በጣቱ ላይ ሊታጠፍ የሚችለውን መምረጥ አለበት። በ2008 የሆነው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በዚያ ዓመት የስዊስ ጦር ሠራዊት የቀድሞውን ሰንጢ ትቶ በአንድ እጅ የሚከፈትና መቆለፊያ ያለው ሰንጢ ለወታደሮቹ መረጠ። በዚያው ዓመት ከኤፕሪል ጀምሮ ጐረቤቲቱ ጀርመን በአንድ እጅ የሚከፈትና የሚቈለፍ ሰንጢ ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ መያዝን ከለከለች። ያው ዕቃ በድንበሩ በዚህ በኩል የደኅንነት መሣሪያ፣ በወዲያኛው በኩል የጥርጣሬ ምልክት ሆነ።

«ታዲያ ሕዝብ በሰንጢ እየተወጋ ዝም ይባል ወይ?» የሚለኝ ሰው ካለ ጥያቄው ተገቢ ነው። የሞተ ሰው ያለበት ቤት የሞላና የኳስ ዝርዝር አያጽናናውም። መንግሥት ዜጎቹን የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ፖሊስም በመንገድ ላይ ወዲያው ሊለየው የሚችል ግልጽ ምልክት ይፈልጋል። ነገር ግን ወንጀል ለማድረግ የተነሣ ሰው የወጥ ቤት ቢላዋ አያጣም። የወጥ ቤት ቢላዋ ደግሞ መክፈቻም መቆለፊያም የለው፤ ሁልጊዜ የተከፈተ፣ ሁልጊዜም የተቈለፈ ነው። ስለዚህ መቆለፊያን መከልከል ወንጀለኛውን አንዳች ነገር ሳያሳጣው የሠራተኛውን ጣት አሲይዞ መጫወት ነው። ሰውየው ያደረገውን ወይም ሊያደርግ ያሰበውን መመርመር ከባድ ስለ ሆነ በእጁ ያለውን ብረት መክሰስ፣ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ከሚባለው አይለይም። የስለት ርዝመት፣ የተያዘበት ቦታና አኳኋን ሊመዘኑ ይችላሉ፤ በእነዚህ ላይ ክርክር የለኝም። የባለቤቱን ጣት የሚጠብቀውን ነገር የጥፋት ማስረጃ ማድረግን ግን አልቀበልም።

እንግዲህ ለዚያ ወዳጄ መልስ የምሰጥበት ቦታ ላይ ደርሻለሁ። በ1957 በወጣው የሲድኒ ሉሜት ፊልም፣ ዐሥራ ሁለት የፍርድ ሸንጎ አባላት አንድ ወጣት አባቱን በሰንጢ ገድሏል ተብሎ በሞት ይቀጣ አይቀጣ በአንድ ክፍል ተዘግተው ሲከራከሩ እናያለን። ከክርክሩ መታጠፊያዎች አንዱ የሚመጣው በድሃ ሰፈር ካደገው ሰው ነው። ቍስሉ ከላይ ወደ ታች የተወጋ ነው። ያ ሰው ግን ተነሥቶ እንዲህ ያለ ሰንጢ የለመደ እጅ ከታች ወደ ላይ እንደሚወጋ አስረዳ፤ ምክንያቱም ሰንጢው እንደ ተከፈተ በእጅ ውስጥ የሚገኘው በዚያ አኳኋን ነው፤ አያያዙን ለመለወጥ ጊዜ ማባከን ያስፈልጋል። ፊልሙ ልብ ወለድ ነው። ትምህርቱ ግን ልብ ወለድ አይደለም። ስለ ፍትሕ ብዙ የሚያውቁ ሰዎች ባሉበት ክፍል ውስጥ ነገሩን ያቃናው ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቀው ሰው ነው።

እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ነገ ምን እንሆናለን? አንዳንዶቻችን ደንብ እናረቃለን፤ አንዳንዶቻችን ጋዜጣ እናዘጋጃለን፤ አንዳንዶቻችን ልጆች እናስተምራለን። ቃል የእኛ ሙያ ነው። «የሚቈለፍ»፣ «በውርወራ የሚወጣ»፣ «ወዲያው የሚታጠፍ» የሚሉት ቃላት በብዕር ሲጻፉ ቀላል ናቸው። እያንዳንዳቸው ግን አንድን ብረት፣ አንድን ሞላ፣ አንድን ፍትጊያ ይነካሉ፤ በዚያም በኩል አንድን ሰው ይነካሉ። ቃሉን የሚጽፈው ሰው ብረቱን ካላወቀው የኒው ዮርኩ ዓይነት ሕግ ይወጣል። ብረቱን የሚያውቀው ሰው ደግሞ ቃሉን የሚጽፍበት ሥልጣን የለውም። በሁለቱ መካከል ያለውን ገደል የሚሻገር ትምህርት ከሌለን የያዝነው ወረቀት ብቻ ነው። በዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ የምሕንድስናውና የአርቱ ተማሪ በአንድ ምግብ ቤት እየበሉ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያውቁ አራት ዓመት መጨረሳቸው በበኩሌ ከሰንጢው ይልቅ ያሳስበኛል።

ይህን ጽሑፍ ያነበበና ሰንጢ ያለው ሰው ዛሬ ማታ አምስት ደቂቃ ቢሰጠኝ ደስ ይለኛል። ይክፈተውና በጥሩ ብርሃን ውስጡን ይመልከት። ሞላ ብቻ ነው ወይስ መቆለፊያ አለው? መቆለፊያ ካለው በሙሉ ቦታው ላይ ይደርሳል ወይስ በጠርዙ ብቻ ተንጠልጥሏል? እጀታውን ከጎንና ከጎን ይያዝ፤ ጣቶቹን በሙሉ ከስለቱ መንገድ ያርቅ፤ ከዚያ ደንደሱን በእንጨት ላይ በቀስታ ይጫን። ከተንሸራተተ ያ ሰንጢ ብርቱካን ይላጥበት እንጂ ጫፉ እንጨት ውስጥ አይግባ። ቍርጡን በእንጨት ስንጥር ያጽዳ፤ በብሎኑ ላይ አንዲት ጠብታ ዘይት ያድርግ። ክዳን ለመፈልቀቅ ካቻቪቴ ይፈልግ፤ ሰንጢ ለዚያ አልተሠራም።

ሲጨርስም ለምሕንድስና ጓደኛው ያሳየውና ስለ ሰያፏ ይጠይቀው። ጓደኛውም በተራው ስለ ሕጉ ይጠይቀው። ከዚያ ጭውውት የሚገኘው ትምህርት በፕሮግራማችን ላይ የተጻፈ አይደለም፤ ይሁንና ነገ አንደኛችን ብዕር ይዘን ስለ ሌላው ሰው ዕቃና ስለ ሌላው ሰው ነጻነት በምንጽፍበት ቀን የምንፈልገው እርሱን ነው።